«ነጭ» ተብሎ የተመዘገበው ሟች

የአስከሬን መርማሪዋ ኦሬታ ስቶክስ ፎቶግራፉን ልብ ብላ ያየችው ሮድሪክ ቲልማን ከተቀበረ በሁለተኛው ቀን ነበር። ያነሳችው ራሷ ናት። ሟቹ ከባቡር ድልድዩ ሥር፣ ከአሮጌ ሰማያዊ ሸቭሮሌ መኪናው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ያን ቀን ቁስሉን ስትለካ አንድ ነገር አልፏት ነበር። የሟቹ መንጃ ፈቃድ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር ተቀምጧል።

በካርዌል ከተማ ምሥራቅ ሰፈር እያንዳንዱ ጥቁር እናት ልጇን የምታስተምረው ነገር ነው። የፖሊስ መብራት ከኋላህ ሲበራ፣ ፖሊሱ መስኮትህ ጋ ሳይደርስ ፈቃድህን ዳሽቦርዱ ላይ አድርግ፤ እጆችህን መሪው ላይ አኑር፤ ሽጉጥ ሊያወጣ ነው እንዳይሉህ እጅህን ኪስህ ውስጥ እንዳታስገባ። ኦሬታም ሁለት ልጆቿን እንዲሁ አስተምራለች። ስለዚህ ሮድሪክን ከመሞቱ በፊት ፖሊስ አስቁሞታል።

ለግድያው የታሰረው ግን ታላቅ ወንድሙ ዴልቪን ነው። ጎረቤቶች የዚያን ዕለት ሲጯጯሁ ሰምተዋቸዋል፤ ፖሊስም በጎማ መፍቻ መታው ብሏል። ዐቃቤ ሕጉ ዓርብ ክስ ይመሠርታል፤ ከተፈረደበት ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው። ከክሱ ጋር የተያያዘው የአስከሬን ምርመራ ወረቀት ደግሞ የኦሬታ ፊርማ አለበት።

የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ቨርናዲን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ኦሬታ ስትመጣ በር የከፈተችላት በመስኮት ሁለት ጊዜ ካየች በኋላ ነው። ከዚያም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታዳምጥ ጀመር።

«እትዬ ቨርናዲን፣ ልጆቹ በምን ተጣሉ?»

«በእኔ ነዋ» አለችና ነገሩን አስረዳቻት። ሮድሪክ መኪና የሚጎትት ክሬን ነጂ ነበር። የፖሊስ ጣቢያው ሳጅን ኩቢያክ የሰፈሩን ሰው መኪና በሆነ ባልሆነው እያስቆመ ያስጎትታል፤ የማስጎተቻውን ክፍያ ደግሞ ከክሬኑ ባለቤት ጋር ይካፈላል። ሮድሪክ ይህን ሰኞ ለክፍለ ግዛቱ መርማሪዎች ሊናገር ነበር። «ዴልቪንን "ሂድና ተው በለው" ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነበር። ሁልጊዜ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አንድም ቀን አድኖልኝ አያውቅም።»

ሮድሪክ በሞተበት ምሽት ተረኞቹ ሦስት ፖሊሶች ነበሩ። ድዋየር ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት አንድ ሰካራም ይዞ ሆስፒታል ቆይቷል፤ ነርሷም አረጋግጣለች። ሊኦን ፕሩት የጣቢያው ብቸኛ ጥቁር ፖሊስ ነው። ማንንም አላስቆምኩም አለ፤ ከዚያ ሳይጠየቅ ሦስት ልጆች እንዳሉት ነገራት፤ ዐይኗን ግን አላየም። ኩቢያክ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ጠበቃት።

«ኦሬታዬ፣ አንቺ ሬሳሽን ስፊ፣ ለእኛ ሌባውን ተይልን። ካላመንሽ መዝገቡ ያውልሽ፤ በዚያ ምሽት አንድ ጥቁር አላስቆምንም።»

«አያለሁ፣ ሳጅን።»

ፖሊስ መኪና ባስቆመ ቁጥር አንድ ቅጽ ይሞላል። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የመኪናው ዓይነት፣ የነጂው የልደት ቀንና ዘር ይጻፍበታል፤ የነጂውም የፖሊሱም ስም የለበትም። ክፍለ ግዛቱ ጥቁሮች እየተለዩ ይያዙ እንደሆነ የሚቆጥረው በዚህ ነው። ኦሬታ ኮምፒውተሩ ላይ በዚያ ምሽት የቆሙ ጥቁሮችን ፈለገች፤ አንድም አልወጣም። ልትነሳ ካለች በኋላ ተመልሳ ተቀመጠችና ቅጾቹን በሙሉ አንድ በአንድ አነበበች። ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ዐሥራ አንዱም ነጭ ይላሉ። ያደገችበት ሰፈር ነውና በዚያ መንገድ ስንት ነጭ እንደሚነዳ ታውቃለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ሦስቱ ፖሊሶችና ቨርናዲን በአስከሬን ምርመራ ቢሮው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዴልቪን እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኦሬታ መጀመሪያ ፎቶውን አሳየች፤ ፈቃዱ ለምን እዚያ እንደተቀመጠም አስረዳች። ዐቃቤ ሕጉ አልገባውም። ፕሩት ግን አንገቱን ደፋ።

«አሁን ከቅጾቹ አንዱን ላንብብ» አለች። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የባቡር ድልድይ ሥር፣ ሰማያዊ ሸቭሮሌ፤ የነጂው ልደት መጋቢት ዘጠኝ።»

«የሮድሪክ ነው» አለች ቨርናዲን ቀስ ብላ። «ዐሥራ ዘጠኝ ሰዓት ያማጥኩበት ቀን ነው።»

«ዘሩ ነጭ ይላል እኮ!» አለ አዛዡ።

«ይላል። የጣቢያችሁ ልማድ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምታስቆሙትን ጥቁር ነጭ እያላችሁ ስትሞሉ ከርማችኋል፤ ቁጥራችሁ እንዲያምር። ይህንን የሞላው ሰው ገና ሲያስቆመው፣ ሳይገድለው በፊት፣ እንደ ልማዱ ነጭ ብሎ ላከው። አንዴ ከተላከ አይሰረዝም። አልሰጋም፤ ጥቁር የሚፈልግ ሰው እዚያ ውስጥ አያገኘውማ። ሮድሪክን የደበቀው መዝገብ ገዳዩንም ደብቆት ነበር።»

ኩቢያክ ሳቀ። «ስም የለበትም። ድዋየር ሆስፒታል ነበር። እኔ አይደለሁም፤ እንግዲህ ማን እንደቀረ ቁጠሪ።» በአገጩ ወደ ፕሩት ጠቆመ። አዛዡም ይህን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ፊቱን ወደ ፕሩት አዞረ።

ኦሬታ ሁለት ደብዳቤዎች አወጣች። «ፕሩት በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ጥፋቱ ጥቁሩን ጥቁር ብሎ መሙላቱ ነው። "የጣቢያውን ቁጥር ታበላሻለህ" ይላል። እሱ ብቻውን ተረኛ በሆነባቸው ምሽቶች የተሞሉት ቅጾች ጥቁሩን ጥቁር ይላሉ፤ የስድስት ወሩን አይቻለሁ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት፣ ሳጅን። ይህን ቅጽ እሱ ቢሞላው ኖሮ በመጀመሪያው ፍለጋዬ ይወጣ ነበር።»

ፕሩት በሩን አየ፤ ከዚያ ዴልቪንን አየ።

«ኩቢያክ የእጅ ባትሪውን ከደሙ እጠብ ብሎ ሰጠኝ» አለ። «ያን ትልቁን የብረት ባትሪ። ካወራህ በአንተ ላይ ነው የሚያርፈው አለኝ። አላጠብኩትም። ጋራዤ ውስጥ ነው።»

የዴልቪን ካቴና ተፈታ። በኩቢያክ እጅ ላይ ግን ካቴና አልገባም። አዛዡ ሽጉጡን ተቀብሎ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ደመወዙ ሳይቋረጥ ቤቱ እንዲቆይ አዘዘው። ማጣራቱ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ዐቃቤ ሕጉ ተናገረ። ፕሩት ከአዳራሹ ሳይወጣ ለሚስቱ ደውሎ ልጆቹን ይዛ እህቷ ጋ እንድትሄድ ነገራት። የኩቢያክ ቤት ከቨርናዲን ቤት ስድስት መንገድ ተሻግሮ ብቻ ነው።

እናትና ልጅ ቤት ሲደርሱ ጀምበሯ ጠልቃ ነበር። ዴልቪን ደጃፉ ላይ ቆሞ አየር መሳብ ፈለገ። አንዲት የፖሊስ መኪና መጣች፤ ከቤቱ ፊት ስትደርስ ቀስ አለች፤ ከዚያ አለፈች።

«ግባ» አለች ቨርናዲን።

«እማ፣ ተፈትቻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግባ።»

ገባ። እሷም መኪናዋ ተመልሳ እንደሆነ በመስኮት አየችና በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈችው።