የዛፍ ጥላ ክስ

ሰው አላምንም፤ አልደብቅም። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሰባት ዓመት ሠርቶ ሰው የሚያምን ካለ፣ ፋይሎቹን አላነበበም ማለት ነው። ወንድም ወንድሙን ሲከስ፣ ሚስት የባሏን ፊርማ አስመስላ ስትፈርም እያየሁ ነው የኖርኩት።

ስለዚህ ያ የሕግ ተመራማሪ ካሜራውንና ላፕቶፑን ተሸክሞ ፈገግ እንዳለ ሲገባ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» አልኩ በሆዴ።

«የቆዩ ውሳኔዎችን ፎቶ እያነሳሁ ድረ ገጽ ላይ ልጭን ነው። ማንም ሰው በስልኩ በነፃ እንዲያነባቸው» አለኝ።

«ማን ፈቅዶልህ?»

«ሕጉ። የፍርድ ቤት ውሳኔ የቅጂ መብት የለበትም፤ የሕዝብ ነው።»

የመጠየቂያ ቅጽ ሰጠሁት። ደንቡ መልስ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጣል ይላል። እኔም የሱ ጥያቄ ሲሆን ሆነ ብዬ ዘጠነኛውን ቀን እጠብቅ ነበር። እሱ ግን በየቀኑ ይመጣል። «ዛሬ ስንተኛ ቀኔ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን በሩን ማየት ጀመርኩ። ስለምጠረጥረው ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ወይ ጉድ!

አባቴ እዚሁ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ያዥ ነበር። ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ አንብቦ፣ ነገሩን በሁለት በሦስት መስመር አሳጥሮ፣ በሦስት ትልልቅ ደብተሮች ማውጫ ጽፏል። ውሳኔው የሕዝብ ነው፤ ደብተሩ ግን የአባቴ ዓይንና ወገብ ነው። አንድ ጠበቃ «ለሁለት ቀን» ብሎ የመጀመሪያውን ተውሶ በራሱ ስም አሳተመው። ከዚያ በኋላ አባቴ ወጥመድ አበጀ። ሁለተኛው ደብተር ውስጥ አንድ የፈጠራ መዝገብ አስገባ፤ ቁጥር 4117፣ ሁለት ጎረቤታሞች በዛፍ ጥላ የተካሰሱበት። እንዲህ ያለ ክስ ኖሮ አያውቅም። ቁጥሩን የጠራ ሰው ደብተሩን ሰርቋል ማለት ነው። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

ያን ሰሞን ሁለተኛውን ደብተር ለሥራ ይዤው መጥቼ ነበር። ከውስጠኛው ክፍል ፋይል ይዤ ስመለስ ካሜራው ደብተሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሰውዬው መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ ያያል። ደብተሩን አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በሳምንቱ ቅጽ ሞልቶ ሰጠኝ። 4117 ይላል።

ክው አልኩ። «ይሄን ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

ዓይኑን ከቅጹ ላይ አላነሳም።

«መልስልኝ እንጂ!»

«ልነግርሽ አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለካሜራህ?» ያንገበገበኝ ስርቆቱ ብቻ አልነበረም፤ ወድጄው ነበር። «ውጣ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»

ለጥበቃውም ደውዬ እንዳያስገባው ነገርኩ።

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «አባዬ፣ ሌባው ተያዘ!» አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ምን?»

«የዛሬ ወር መጣ። ማውጫውን በእርስዎ ስም ላውጣው ብሎ በጽሑፍ ጠየቀኝ። እኔስ ያንቺ አባት አይደለሁ? አላመንኩትም። ‹ፎቶ አንሳው፤ ግን ውስጡ አንድ የውሸት መዝገብ አለ። ከዋናዎቹ ፋይሎች ጋር እያስተያየህ ካገኘኸው እፈርማለሁ። ለልጄ ግን ትንፍሽ እንዳትል፤ ካወቀች መልሱን ትነግርሃለች› አልኩት።» ሳሉ ጋብ ሲልለት፣ «ስላንቺም ጠይቆኛል» አለ።

«ምን ብሎ?»

«‹ልጅዎን ወድጃታለሁ፤ ይፍቀዱልኝ› አለ። እኔ መብት ያለኝ በደብተሩ ላይ ብቻ ነው፤ እሷን ራሷን ጠይቃት አልኩት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግስቱ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ሲከራከር አገኘሁት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እኔ ነኝ» አለ። ፈገግታው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አባዬ ነገረኝ። ሳልሰማህ ፈረድኩብህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዓይኔን አየና ፈገግታው ተመለሰ። ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገና ዞር አለልን።

ይዤው ገባሁ። የትናንቱ ቅጽ ላይ «ፋይሉ የለም» ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁበት። ለአባቴ ማስረጃ አድርጎ የሚያሳየው እሱን ነበር፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሌላ ባዶ ቅጽ ስቦ ሞላና አቀበለኝ።

የሚፈለገው፦ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። ለምን ያህል ጊዜ፦ ዕድሜ ልክ።

ፊቴ ጋለ። «ይሄ መጣራት አለበት» አልኩ፤ አመሌ ነው።

«ደንቡን አውቃለሁ» አለና ወጣ።

ፋይል አወጣሁ፣ መለስኩ፤ የሠራሁት ሥራ ግን አልነበረም። እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ መታገሥ አልቻልኩም። ቅጹን ይዤ እየሮጥኩ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዘጠነኛውን ቀን እየጠበቅሁ ነው።»

ቅጹን ሰጠሁት። «ተፈቅዷል» ብዬ የመታሁበት ማኅተም ገና አልደረቀም ነበር።