የአቶ ይርዳው አንጀት

የሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ «ሆዳችሁ ተነፍቶ ነው የሚያስቃዣችሁ» እያልኩ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ የተማርኩት ላቦራቶሪ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን አላምንም፤ ይህን የማወራችሁም እንድታምኑኝ ብዬ ሳይሆን ብቻዬን መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ስለ አንጀት የሚያጠና አንድ ሐኪም ከጎንደር እየመጣ ይጎበኘኝ ነበር፤ አንጀታችን ከውስጥ ንፍጥ በመሰለ ዝልግልግ ነገር ተለብጧል፣ ከተውሳክ የሚጠብቀን ያ ልባጥ ነው፣ ሰው ሲራብ ግን እየሳሳ ይሄዳል ይለኛል፣ አንድ ቀን «በረሃብ የሞተ ካጋጠመህ ከአንጀቱ ቁራጭ አስቀርልኝ» ብሎኝ ሄደ።

ያጋጠሙኝ አቶ ይርዳው የሚባሉ የበየዳ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ከውትድርና ቢኮበልል አባትየውን አምጥተው ዳባት አሰሯቸው፣ እዚህ ስንቅ የሚያቀብላቸው ዘመድ የለም፣ ሬሳቸው ሲመጣ፣ እመኑኝ፣ ከልጅ አይከብድም ነበር። ከአንጀታቸው ጣት የምታህል ቆርጬ ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ፣ ከሷም ላይ በምላጭ ስስ አድርጌ ሸርፌ፣ ቀለም ውስጥ ነክሬ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ልባጡ የለም፣ ተሟጦ አልቋል።

«ጓድ፣ የሞቱበትን ምክንያት ወባ ብለህ ፈርም» አለኝ ሬሳውን ያስመጣው ካድሬ።

«በዚህ ብርድ ወባ?»

«አንተም መታሰር አማረህ?»

ፈረምኩ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ቁርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የራበው ሰው ሆድ ሲጮህ ታውቁ የለ፣ ልክ እንደዚያ፣ መጀመሪያ የራሴ መስሎኝ ሆዴን ዳበስኩ፣ ቀጥሎ የውጭ እርግብ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ጭራሽ ባሰበት። ጆሮዬን ወደ መደርደሪያው ሳስጠጋ የሚመጣው ከብልቃጡ ነው። ባነሳው መዳፌ ውስጥ ነዘረኝ።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። የአቶ ይርዳው ሚስት ናቸው፣ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ባላቸው ትናንት መቀበራቸውን የሰሙት እኛው ግቢ በር ላይ ነው።

«ልጄ፣ ምን ገደለብኝ?»

«ወባ ነው፣ እናቴ።» ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

ዘወር ዘወር ብለው ክፍሉን ቃኙና «እዚህ የራበው ማነው?» አሉኝ።

እሳቸውም ሰምተውታል! ከነጠላቸው ስር የገብስ ዳቦ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ «ለሱ ነበር የጋገርኩት፣ ተሸክሜው አልመለስም፣ እንካ ብላ» አሉ፣ እስክጎርስም ቆመው ጠበቁ። ዳቦው ደርቋል፣ በግድ አላምጬ ዋጥኩት። ስውጠው ድምፁ ቀጥ አለ።

ብልቃጡን ጎንደር በሚሄድ መኪና ላክሁት። ከሳምንታት በኋላ የሐኪሙ ደብዳቤ መጣ፤ «ይህ የተራበ ሰው አንጀት አይደለም፣ ልባጡ ወፍራም ነው፣ ጠግቦ የኖረ ሰው ነው፣ ናሙና ተቀያይሮብሃል» ይላል።

እኔ ዘንድ ሌላ ናሙና አልነበረም፣ ዳቦውንም የበላሁት እኔ ነኝ።

«አዎ፣ ተቀያይሮብኝ ነው» ብዬ መለስኩለት፣ እሱም አምኖኝ ጣለው። የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።