ኩንታል አይዘልም

«እንደ አንድ እግር!» አለ ጓድ ገብረ ኪዳን፤ ፊሽካውንም ነፋ። ልጆቹ ሁሉ ዘለው እኩል አረፉ። ቱርኪያ ከግራ እግሯ ሥር የመድረኩ ወለል ሰርጎድ ሲል ተሰማት። ጥቂት ብቻ ነው ዝቅ ያለው፤ ወዲያውም ተመልሶ ቀጥ አለ። ጎኗ ያለችውን ታይቱን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ታይቱ ምንም አልመሰላትም፤ ሕዝቡ ከአሁኑ የሚያጨበጭብላት ይመስል ወደ ባዶው ሜዳ ትስቃለች።

«ድገሙት!»

ጓድ ገብረ ኪዳን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ከሙዚቃ ጋር ብዙም አይተዋወቅም፤ ከፊሽካ ጋር ግን አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። የኪነት ቡድኑ ለአብዮት በዓል የሚያቀርበው ትርኢት በመፈክር ያልቃል፤ መፈክሩ በተባለ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ ዘለው አንድ ላይ ማረፍ አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ከመጀመሪያው ይደገማል። ነሐሴን ሙሉ ካፊያ እየወረደባቸው ሲዘሉ ከርመው አሁን ጳጉሜን ገብቷል። ለበዓሉ የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው።

መድረኩን የሠራው የቱርኪያ አባት አህመዲን ነው። በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ስለሚተኛበት፣ ወረታም ከጭቃው ስለማትተርፍ፣ ከአፈር የተደለደለ መድረክ አይሆንም ተባለ። ስለዚህ ከውኃ ሥራ የተረፈ ቧንቧ ተሰጠውና በይዶ አቆመው፤ ከላይ ጣውላ አለበሰው። ያለቀ ዕለት ከገበሬ ማኅበሩ መጋዘን እህል እያወጡ ከጠዋት እስከ ማታ ኩንታል በኩንታል ላይ ቆለሉበት። ንቅንቅ አላለም። ጓድ ገብረ ኪዳን በሰው ፊት አባቷን ሲጨብጠው ቱርኪያ ከኩራቷ ብዛት የምትቆምበት ጠፍቷት ነበር።

ልምምዱ አብቅቶ ሌሎቹ ሲበታተኑ እሷ ጎንበስ ብላ መድረኩ ሥር ገባች። አንዱ አግዳሚ ቧንቧና ከታች በሰያፍ ቆሞ የሚደግፈው ቧንቧ የተገናኙበትን ቦታ ታውቀዋለች። ቀደም ሲል ብየዳው ላይ ስንጥቅ ታይቶ አባቷ መጥቶ በወፍራሙ ደፍኖት ሄዷል። ድፍኑ አሁንም ደህና ነው። ከድፍኑ ጠርዝ ጥግ፣ የቧንቧው ገላ ላይ ግን ፀጉር የመሰለ መስመር አለ፤ ቡናማ ውኃ ያዥበታል። ትናንት መስመሩ የሚያልቅበት ላይ በምስማር ጭራ ምልክት አድርጋ ነበር። መስመሩ ምልክቷን አልፎ ሄዷል።

«ምን እያደረግሽ ነው እዚያ ሥር?» ታይቱ አንገቷን አስግጋ አየቻት።

«ተሰንጥቋል።»

«ቀለሙ ነው።»

«ቀለም አይራመድም። ትናንት እዚህ ጋ ነበር የቆመው። ነይ እይው።»

ታይቱ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። አየችው። ያየችው ነገር ግን እንዳላስደሰታት ፊቷ ይናገራል። «ቱርኪ፣ በሞቴ ለማንም እንዳትነግሪ። በበዓሉ ተመርጠን ካለፍን እኮ ጎንደር ነው የምንወሰደው። እኔ ከወረታ ወዲያ ያየሁት የአባቴን የሽምብራ ማሳ ነው።»

«ቢሰበርስ?»

«ያን ሁሉ ኩንታል ችሎ እኔን አይችልም?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ደግሞ ብትናገሪ የሚታሰረው ያንቺ አባት ነው እንጂ የኔ አይደለም።»

ይህ እውነት ነበር። አምና የወፍጮ ቤቱ ቀበቶ በተበጠሰ ጊዜ ባለቤቱ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ተብሎ ቀበሌ ታስሮ ከርሟል። ሲፈታ ጢሙ ሸብቶ ነበር። የበዓሉ መድረክ ተሰነጠቀ ቢባልማ ምን ሊሉ ነው? ቱርኪያ መንገዱን ሁሉ ይህን እያብሰለሰለች ሄደች፤ ያገኛት ሰው ሰላም ሲላት እንኳ አልሰማችም።

አባቷን መንገድ ዳር፣ ከቤታቸው ጋር ከተያያዘው መበየጃው በር ላይ አገኘችው። ጀኔሬተሩ ጠፍቷል። አህመዲን ብረት የሚለይ መስሎ አንዱን ቁራጭ አሥሬ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል።

«አባ፣ መድረኩ ላይ ያ የደፈንከው ቦታ...»

«አይቸዋለሁ።»

«ድፍኑ ደህና ነው። ጎኑ ነው የተሰነጠቀው።»

«አይቸዋለሁ አልኩሽ።» ቁራጩን ወረወረው። ቀጥሎ ራሱን የሚቆጣ በሚመስል ድምፅ መናገር ጀመረ። «ቧንቧ ሆዱ ባዶ ነው። ልሙጥ ሆኖ ሳለ የመጣበትን ጫና ዙሪያውን ይካፈለዋል። ሌላ ቧንቧ ስትበይጅበት ግን ጫናው መጋጠሚያው ጠርዝ ላይ ይከማቻል። እኔ ብየዳውን ባወፈርኩት መጠን ጠርዙ ላይ ይብስበታል። ከሥሩ ያለው ብረት እኮ ስስ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ እህል እንዴት ቻለ?»

«ኩንታል አይዘልም፣ ልጄ። ተጭኖ ዝም ይላል። እናንተ ትዘላላችሁ፣ ታርፋላችሁ፣ ደግሞ ትዘላላችሁ። እንደዚያ ሲሆን ብረትም ይደክማል። በአንዱ ዝላይ አይሰበርም፤ በእያንዳንዱ ግን ትንሽ ትንሽ ይከፈታል።»

«ከሥር እንጨት ብናቆምበትስ?»

«ጭቃው ይውጠዋል። እንጨቱን ሲያዩ ደግሞ ምን ሆነ ብለው ይጠይቁኛል።» አህመዲን ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «በዚህ ስስ ቧንቧ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። መናገር ብጀምር ሊቀመንበሩ ‹ለአብዮቱ አይሆንም ነው የምትለው?› አለኝ። እሽ ብየ በየድኩት።»

አህመዲን ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ፣ «ነገ ጠዋት ይፋግ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። በዓሉን እዚያ ዋይ። አክስትሽ ታማለች ብየ እኔ ለሊቀመንበሩ እነግርልሻለሁ» አላት።

«ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም።»

በተከፈተው የጓዳ በር እናቷ ሸሪፋ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት ታየቻት። ነገሩ አስቀድሞ ተመክሮበታል ማለት ነው። ቱርኪያን ማዳናቸው ነው፤ ሊያስደስታት ይገባ ነበር፤ ግን አፈረች።

«ታይቱንም ልውሰዳት?» አለች።

አባቷ ቀና አለ። «ውሰጃት።»

«ገላነሽንስ?»

«እሷንም... ወላጆቿ ከፈቀዱ።»

«በላቸውንስ? አማከለችንስ?»

ቱርኪያ የቀሩትንም ልጆች የእያንዳንዳቸውን ስም መጥራት ትችል ነበር፤ የቆሙበትን ቦታ ጭምር ታውቀዋለች። ግን አባቷ የወረወረውን ቁራጭ ብረት መልሶ ሲያነሳ አየችና ተወችው። ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቷል። እሷም ብትሆን እኮ ፈርታለች፤ እራቷን አልበላችም።

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ሰማዩ እንደጠቆረ ነው፤ ከሩቅ ሜዳው ላይ የተኛው ውኃ ያብለጨልጫል። መኪናው መጥቶ ቆመና ረዳቱ «ይፋግ! ይፋግ!» እያለ በሩን ደበደበ። አህመዲን ሻንጣውን ሊያቀብል እጁን ዘረጋ። ቱርኪያ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ትሳፈሪያለሽ ወይስ አትሳፈሪም? መንገደኛ አለብኝ» አላት ረዳቱ።

«ሂዱ» አለችው።

መኪናው ጭቃ ረጭቶባቸው ሄደ።

«አባ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ስንዘል ወለሉ ይሰረጉዳል ነው የምላቸው። አንተን አላነሳህም።»

«ማን እንደሠራው የማያውቅ ወረታ ውስጥ አለ?»

«እንግዲያስ አብረን እንሂድ።»

አህመዲን የሻንጣውን እጀታ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ከዚያ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ሳይሆን በቀበሌው በኩል ዞረ። እርምጃው ፈጣን ነበር፤ ቆም ካለ የሚመለስ ስለመሰለው ይሆናል። ቱርኪያ ከኋላው ሶምሶማ እያለች ተከተለችው።

የቀበሌው በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ አያቸው። «ጉዳያችሁ?»

አህመዲን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቀረበ። «መድረኩ ልጆቹን አይችልም። ከበዓሉ በፊት መፍረስ አለበት» አለ። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ጠባቂው ከእግር እስከ ራሱ ገመተው፤ በሩንም ገርበብ አደረገለት። «አንተ ግባ። ልጅቷ ትመለስ።»

አባቷ ሻንጣውን አቀበላትና ወደ ቤት እንድትሄድ በዓይኑ ለመናት። ቱርኪያ ሻንጣውን ተቀብላ ከበሩ ሥር፣ ጭቃው ላይ አስቀመጠችው።

«የምዘልበት እኔ ነኝ» አለችው ለጠባቂው፤ በአባቷ ጎን አልፋም ቀድማ ገባች።