ከበረቱ የሚወርደው ውሃ

ገላኔ ጅረኛን መጀመሪያ ያነጋገረችው ልትጣላው ሄዳ ነው።

የአባቱ የነገራ ከብት ማድለቢያ ከባምባሲ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። የበረቱ እበትና ሽንት በዝናብ እየታጠበ የሚወርደው እነገላኔ ወደሚቀዱበት ወንዝ ነበር። ያን ክረምት ታናሽ እህቷ ብሪቱ ከዚያ ውሃ ጠጥታ ለጥቂት ተረፈች።

«የእናንተ ሰንጋ ሲሰባ የእኛ ልጅ ትሙት?» አለችው በራቸው ላይ ቆማ።

ጅረኛ አልተከራከረም። አብሯት ወንዙ ድረስ ወረደ። ሽታው ሲመታው ዐይኑን ከዐይኗ አሸሸ።

ሰንበት ብሎ ከበረቱ ሥር መቆፈር ጀመረ። እበቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ውሃው ደግሞ ደንገል በተተከለበት ረግረግ ቀስ ብሎ እያለፈ ይጣራል። ገላኔ ደንገሉን ከወንዙ ዳር እየነቀለች ለመትከያ ታቀብለው ነበር። ንዴቷ አልበረደም። ጭቃ የለበሱ ጣቶቻቸው ሲነካኩ ግን ሁለቱም እጃቸውን ለመመለስ ይዘገያሉ።

ነሐሴ ላይ ጉድጓዱ ሞላ። ነገራ ልጁ አሶሳ የሄደበትን ቀን ጠብቆ የጉድጓዱን የአፈር ግድብ አስቆረጠና ያን ሁሉ ቆሻሻ ወንዙ ላይ ለቀቀው።

ገላኔ ጅረኛን መኪና መውረጃው ላይ ጠበቀችው።

«ሆን ብለህ ነው የሄድከው።»

«አላወቅሁም፣ ገላኔ።»

«የአባትህ ልጅ አይደለህ?»

ጅረኛ ወደ ግድቡ ወጣ፤ ቁርጡ ላይ የአካፋ ምልክት ነበር።

ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ነገራ ዝናቡ ነው ግድቡን የሰበረው አለ። ጅረኛ ከኋላ ተነሥቶ አባቱን ጠራ።

«አባኮ፣ ዝናብ በአካፋ አይቆርጥም። ያስቆረጥከው አንተ ነህ።»

ነገራ ዞሮ አየውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ» አለው።

ቀበሌው ግድቡ እስኪጠገንና ሁለተኛ ጉድጓድ እስኪቆፈር አዲስ ከብት እንዳይገባ ወሰነ። ጅረኛ የጓደኛው ቤት እያደረ ከበረቱ ሠራተኞች ጋር ቆፈረ። አንድ ጠዋት ገላኔ አካፋ ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«አባትህን ይቅር አላልኩም» አለችው።

«እኔንስ?»

ብዙ ቆፈረች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «አንተ ተናድጄብህም ናፍቀኸኛል» አለች።

ጥር ላይ ባምባሲ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ነገራ አልመጣም፤ በሠራተኛው አንድ ሰንጋ ላከ። ገላኔ በሙሽራ ልብሷ ወጥታ ገመዱን ለሠራተኛው መልሳ አስያዘችው።

«ሥጋ አልጠፋም በላቸው። ውሃችንን ይተዉልን።»

ጅረኛ አባቱ የላከው ሰንጋ አቀበቱን ሲመለስ አየ። ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ዘፈኑ መለሳት።