ሁለተኛው ትራክ

ጽዳት ሠራተኛዋ የፎቶ ቤቱን በር በክርኗ ገፍታ ገባች። ትንሽ ካሜራ ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«የእህቴን ልደት ቀርጬበት ድምፁ እምቢ አለ» አለች፣ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች እንዲሰሙ።

«ተዪው እናየዋለን። ስጨርስ እደውላለሁ» አላት የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ።

የሚስጥር ስሟ «ዝናብ» ነው። የሱ «ቁልፍ»። እሷ የጠላት ደኅንነት ሹም ቢሮ ታጸዳለች። እሱ ለሽፋን አራት ዓመት ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ ሲቆራርጥ ኖሯል። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ባልደረቦቻቸው ተገድለዋል። ከመሃላቸው የሚሸጣቸው ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከሹሙ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ዝናብ ካሜራውን ደብቃ ቀርጻቸዋለች።

ደንበኞቹ ሲወጡ ፋይሉን ከፈተው።

ሹሙ ይታያል። የእንግዳው ጀርባ ብቻ። ድምፅ የለም።

መቀየሪያ ሶፍትዌሩ ድምፁን ከምስሉ ነጥሎ እንዲያወጣ አዘዘው። ሠላሳ ሰባት ፐርሰንት ላይ ቆመ። ስህተት። ደገመው። ስህተት። አሰበና ድምፁን ወደ ሌላ ዓይነት መቀየሩን ትቶ እንዳለ እንዲገለብጠው አደረገ። አሁን ጨረሰ።

የወጣው ግን «እሽሽ» የሚል ባዶ ድምፅ ነው።

የፋይሉን ዝርዝር አየ። ሁለት የድምፅ ትራክ! አንዱ የካሜራው ማይክ፣ በጨርቅ የታፈነው። ሌላው ዝናብ ጠረጴዛው ሥር የለጠፈችው ገመድ አልባ ማይክ። ሶፍትዌሩ ካልነገሩት የሚያወጣው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን መርጦ አወጣና ማዳመጫውን አጠለቀ።

«ጽዳቷ የኛ ሰላይ ናት፤ ውሰዷት። ፎቶ ቤት ያለውን ልጅ ለጊዜው ተዉልኝ፣ ይጠቅመኛል።»

የእንግዳው ድምፅ የሽማግሌው ነው።

የገዛ አለቃው። ሥራውን ሀ ብሎ ያስተማረው ሰው።

ድምፁን በቀጥታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መላክ ጀመረ። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። አሥራ አንድ ፐርሰንት ሲል በሩ ተከፈተ።

ሽማግሌው ነበር።

«ዝናብ ከሥራዋ የለችም። እዚህ መጥታ ነበር ልጄ?»

«ካሜራ ትታ ሄደች ጋሼ። ግን ድምፅ የለውም።»

«እስቲ አሰማኝ።»

የመጀመሪያውን ትራክ ከፈተለት። ያው «እሽሽ»። ሽማግሌው ጆሮውን አስጠግቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከቪዲዮው መስኮት ጀርባ ፋይሉ አርባ ፐርሰንት ደርሷል።

«በል ደውልላትና ትምጣ። ከከተማ ላወጣት ነው።»

የአደጋ ምልክት የሆኑትን ቃላት ሁሉ የፈጠራቸው ይሄው ሰው ነው። አንዷን ቢያወጣ ያውቃል። አልደውልም ቢል ይጠረጥረዋል፣ ፋይሉም አያልቅም፤ የቀሩት ሃያ ሁለት ባልደረቦቻቸውም ተራ በተራ ይለቀማሉ።

ደወለ።

«እህቴ፣ ካሜራሽ ተሠርቷል። ነይ ውሰጂው።»

«ተባረክ ወንድምዓለም፣ መጣሁ!»

የመጣችው እየሮጠች ነው። ሁለት ሰዎች ከቆመች መኪና ወርደው በሩ ላይ ያዟት። በመስታወቱ በኩል ወደሱ ዞር አለች። ከዚያም ሽማግሌው እጁን የእሱ ትከሻ ላይ እንዳሳረፈ አየች።

የሸጣት እሱ መሰላት።

ፋይሉ መቶ ሞላ።

ሽማግሌውን አመሻሹ ላይ መንገድ ሲሻገር የራሳቸው ሰዎች በጥይት ጣሉት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ።

«ጥሩ ሥራ ነው። ድምፁን ለሌሎች ስለምናሰማው ስለ ጽዳቷ የተነገረውን ቆርጠህ አውጣ።»

«በሕይወት አለች?»

«እኛ እንዲህ ያለች ሴት አናውቅም። ሦስት ቀን ከርመህ ከከተማው ውጣ።»

አራት ሰከንድ ነበር። ቆረጠው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናት መጡ። በእጃቸው የተጨማደደ የዝናብ ጉርድ ፎቶ።

«አባዛልኝ ልጄ። ሴት ልጄ ጠፍታብኝ በየግድግዳው ልለጥፈው ነው። እዚህ ፎቶ ቤት ልትመጣ እየሮጠች ነው የወጣችው፤ አላየሃትም?»

ፎቶውን ተቀብሎ ማሽኑ ላይ አስቀመጠው።

«አላየኋትም እናቴ።»

ሃምሳ ቅጂ አተመላቸው። እሳቸው መርቀውት ሲወጡ እሱ በጓሮ በር ወጣና አውቶቡስ ተራው ውስጥ ከሰው ጋር ተቀላቀለ።