የሰባተኛው ሳጥን አይጥ

ጅን በኪታቡ አለ ሲሉኝ፣ ይኑር፣ እኔ ጋ ግን መጥቶ አያውቅም እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት በጥበቃ ሠርቻለሁ፣ በመቃብር ዳር በጨለማ ተመላልሻለሁ፣ ከጅብ በቀር ያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ከሦስተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በሉኝ፣ ነገሩ ግን ልክ እንደምነግራችሁ ነው፣ ወላሂ።

በኢህአዴግ ጊዜ ነው፣ ሆሳዕና አንድ ኮሌጅ ውስጥ ከጥበቃ አንስተው የላብራቶሪ እንስሳት ተንከባካቢ አደረጉኝ፣ እንስሳት ሲሉኝ ላም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ አሥራ ሁለት ነጭ አይጥ ነው። ባለቤታቸው ምሕረት የምትባል የሀደሮ ልጅ ነበረች፣ የማስተርስ መመረቂያዋን የምትሠራው በእነሱ ላይ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፣ አይጡ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብረት አንድ ጊዜ ሲጫን አንድ ፍሬ ምግብ ይወርድለታል፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት ጊዜ ካልተጫነ አይወርድለትም፣ እሷ ቁጭ ብላ ስንተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ እንደሚተው ትጽፋለች። አይጥ የሚነቃው ሌሊት ነው ብላ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍና ቀኑን ሌሊት አደረገችባቸው፣ እኔም በጠራራ ፀሐይ ቀይ አምፖል እያበራሁ እገባለሁ። ምግብን ምን ያህል እንደሚፈልጉ እየለካሁ ነው ስትለኝ፣ የራበውን ማብላት ነው እንጂ ምን መለካት ያስፈልጋል አልኳት፣ ሳቀች።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። እኛ ዳምቦያ ያደግን ሰዎች የሚያይ ዓይን ባለበት ብቻችንን አንጎርስም፣ ውሻም ቢሆን። ምሳዬን የምበላው እዚያው ክፍል ነው፣ ሰባተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው አይጥ ደግሞ ቆጮዬን ስፈታ ሽቦውን ይዞ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ እንደ አዲሎ ከተማ መናኸሪያ ሲራወጥ ስለሚውል አዲሎ ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ታዲያ እንዴት ዝም ልበለው፣ ቁራሽ ሰጠሁት። እሱ በልቶ ጎረቤቶቹ እያዩ ሊቀሩ ነው? ለሁሉም ሰጠሁ። እሷ ከምትሰጣቸው በቀር ሌላ እንዳይቀምሱ አደራ ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን ቁራሽ ምግብ አይባልም ብዬ ድርቅ አልኩ።

አይጦቹ ጠገቡ፣ ብረቱን አምስት ጊዜ ተጭነው ይተኛሉ። እነሱ ሲወፍሩ እሷ ከሳች። አማካሪዋ በዚህ ውጤት አትመረቂም፣ ዓመቱን ትደግሚያለሽ እንዳላት ነገረችኝ፣ እኔ ጥፋተኛው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይዞሽ እላለሁ፣ እውነቱን ልናገር ስል ግን አፌ አልከፈት አለ። በዚያው ሰሞን አዲሎ ሞተ፣ ጠዋት ስገባ ብረቱ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። እሷ ሳንባው ነው አለች፣ እኔ ብርዱ ይሁን ቆጮዬ አላውቅም፣ ከአጥሩ ኋላ ቀበርኩት፣ ሳጥኑንም በእጄ አጠብኩት።

በሳምንቱ እሑድ ነው፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ግቢው ጭር ብሏል። ውሃቸውን ቀይሬ ምሳዬን ስፈታ፣ የብረቱ ድምፅ ቀጭ አለ። አንዱ አይጥ ነው ብዬ ጎረስኩ፣ ቀጭ፣ አሁንም ቀጭ። ቀና ስል አይጦቹ በሙሉ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ወደ ሰባተኛው ሳጥን ያያሉ። ቀረብ ብዬ አየሁ፣ ባዶ ነው፣ ብረቱ ግን ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ የምግቡም ፍሬ እየወረደ ማንም ሳይነካው ተከምሯል። ኤሌክትሪኩ ነው ብዬ ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ ቀጭ። ልወጣ በሩን ስከፍት ዝም አለ፣ ስመለስ ጀመረ። እመኑኝ፣ ከጅብ ሌላ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ምሕረት ከጸሎት መልስ ልታያቸው መጣች፣ ምንም ሳልነግራት አስቀመጥኳት፣ ሰማች። የተማረች ናት፣ አልጮኸችም፣ ይውጡ አለችኝ፣ ወጣሁ፣ ይግቡ አለችኝ፣ ገባሁ፣ እንዲህ ስድስት ጊዜ አመላለሰችኝ፣ ብቻዋን ስትሆን ዝም ይላል፣ እኔ ስገባ ይጫናል።

"አባባ ኑሪ፣" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ምግቡን አልነካውም። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?"

"ከእጄ ነበር የሚበላው፣ ልጄ። ሁሉንም አበላ ነበር። ቁጥርሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ብረቱ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቆመም።

"ማሽኑን ጠረጠርኩ፣ ራሴን ጠረጠርኩ፣" አለች፣ "እርስዎን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን ከፍታ የአራት ወሩን ቁጥር አንድ በአንድ ሰረዘችው፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ከነገ ጀምሮ ምሳዎን ውጭ ግንቡ ሥር ይበላሉ አለችኝ፣ ብቻዎን እንዳይሆኑ እኔም እዚያ እበላለሁ አለች። እንዳለችውም አደረገች፣ ክረምቱን ሳታርፍ በሌላ ክፍል በሌሎች አይጦች ሠርታ ተመረቀች፣ የዚያን እሑድ ነገር ግን ጽሑፏ ውስጥ አላስገባችውም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ሰባተኛው ሳጥን ስቶር ገባ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወር ሲቀረኝ የስቶሩ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ፣ ስለዚህ ነገር ቅንጣት የማታውቅ ሴት፣ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "ጋሼ ኑሪ፣" አለችኝ እየሳቀች፣ "እርስዎ በዚህ ባለፉ ቁጥር እኮ ስቶሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ምን ይዘው ነው የሚዞሩት?"

ከዚያ ወዲያ በስቶሩ በኩል ላለማለፍ በግቢው ዙሪያ እየዞርኩ መሄድ ጀመርኩ። በዚያ ያለፍኩ ቀን ያስፈራኛል፣ ሳላልፍ የዋልኩ ቀን ደግሞ ቆጮዬን ሳልፈታ ወደ ቤት እመልሰው ነበር። አሁን ቤቴ ነኝ፣ ሳጥኑን ይጣሉት ያቃጥሉት አልጠየቅሁም። ሕይወት ያለው ሲጠራ ቁራሽ ይበቃዋል፣ ይሄ የሞተው ግን ምን ቢሰጡት መጥራቱን እንደሚተው፣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።