ግራ እጅ

«የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አንሱ። የምጠራው ቀኙን ብቻ ነው» አለ የሳይንስ መምህሩ፣ ጠመኔውን በጣቶቹ እያገላበጠ።

ሰባተኛ ክፍል በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ከእረፍት በኋላ ተቆጣጣሪዋ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ተማሪው ራሱ እየጠየቀና እየሞከረ መማሩን ሊያዩ ነው። መምህሩ ደግሞ ጥያቄዎቹን ራሱ አውጥቶ ለጠያቂና ለመላሽ ትናንት አከፋፍሏል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በቁመቷ ምክንያት ድንቢጥ የሚል ስም ለወጣላት ልጅ የደረሳት «ተክል ብርሃን ለምን ያስፈልገዋል?» የሚለው ነበር። መልሱ የተሰጠው አጠገቧ ለሚቀመጠው፣ ሬዲዮ ለሚሉት ልጅ ነው። ሬዲዮ የሰማውን አይረሳም፤ አንዴ ከጀመረም የሚያጠፋው የለም።

ድንቢጥ ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት። ቤት ውስጥ ሁለት ባቄላ በኩባያ ተክላ፣ አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። የቁም ሳጥኑ ገርጥቷል፣ ቀጥኗል፤ በቁመት ግን የመስኮቱን አስከንድቶታል። ጠዋት ሁለቱንም በፌስታል ይዛ መጥታ ለመምህሩ አሳየችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። ለአፍታ ተቆጣጣሪዋን የረሳ መሰለ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ዛሬ አይሆንም፣ ድንቢጥ። መልሱን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ እሳቸው ፊት ከተንተባተብኩ ያሰናብቱኛል።»

አሳዘናት። ስትጠይቀው «አርፈሽ ተቀመጪ» ብሏት የማያውቅ መምህር እሱ ብቻ ነው። ቢሄድባት ምን ይውጣታል?

ተቆጣጣሪዋ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጠያቂ ሳይጨርስ መላሹ መለሰ። ሁለተኛው መላሽማ ጠያቂው እስኪነሳ እንኳ አልጠበቀም። ድንቢጥ ዞር ስትል ተቆጣጣሪዋ ብዕራቸውን ከድነው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። የመምህሩ ግንባር በላብ ተጠምቋል።

«ሌላ ጥያቄ ያለው?» አለ ወደ እሷ እያየ።

እጆች ሁሉ ተነሱ። ድንቢጥ ያነሳችው ግራዋን ነው።

«ኧረ ቀኝሽን፣ ቀኝሽን» አላት ሬዲዮ በክርኑ እየጎሰማት።

እጇን አላወረደችም። መምህሩ ወደ ኋላ አየ፤ ከዚያ እጇን አየ።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ፤ «አንቺ፣ ግራሽን ያነሳሽው።»

ኩባያዎቹን ከፌስታሉ አውጥታ ዴስኩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ብርሃን ካስፈለገው፣ ጨለማ ውስጥ የነበረው ለምን በለጠ?»

ሬዲዮ ተራው የደረሰ መስሎት ብድግ አለ። «ተክል ብርሃን የሚያስፈልገው ምግቡን...» ዓይኑ ረጅሙ ባቄላ ላይ አረፈ። «እንዴ» አለና ተቀመጠ።

ከኋላ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ተቆጣጣሪዋ በደንብ ለማየት ተነስተው ቆመዋል። መምህሩ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የራሱን ግራ እጅ አነሳ።

«ኑ እስቲ፣ ጠጋ ብለን እንየው» አለ።